በጨለማ ፎከስ ማድረግ፦ የፒያሳ ምሽትና የሌንሱ ቀለበት

ፎከስ ማድረግ ሌንስን በአንድ ርቀት ላይ መትከል ነው። እዚያ ርቀት ላይ ካለው ነገር የተነሣው ብርሃን በሌንሱ አልፎ ሴንሰሩ ወይም ፊልሙ ላይ በአንድ ነጥብ ይገናኛል። ከእርሱ ወዲህም ሆነ ወዲያ ካለው ነገር የሚመጣው ብርሃን ግን ሳይገናኝ ተበትኖ ስለሚያርፍ ፎቶው ላይ ብዥ ብሎ ይታያል። የሌንሱ ቀለበት ሲዞር የሚለወጠው ይህ ርቀት ብቻ ነው። የማታ ፎቶ ችግር አብዛኛው እዚህ ላይ ይቋጠራል። ጨለማ ዓይንን ይጋርዳል እንጂ ርቀትን አይለውጥም፤ በአዲስ አበባ ፒያሳ ከዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት እስከ አራዳ ጊዮርጊስ ቅጥር ያለው ርቀት በቀትርም በእኩለ ሌሊትም ያው ነው። ርቀቱን ያወቀ ፎቶ አንሺ ባያይም ፎከስ ያደርጋል፤ ርቀቱን ያላወቀ ደግሞ ውድ ካሜራ ቢይዝም ማታ ላይ ይቸገራል።

ቀን ላይ ይህን ሥራ ካሜራው ራሱ ስለሚሠራው ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ኦቶ ፎከስ ርቀቱን የሚያገኘው በሁለት ዋና መንገድ ነው። አንደኛው በሌንሱ ቀኝና ግራ ወገን የሚገቡትን ሁለት ምስሎች አነጻጽሮ ምን ያህል እንደተላለፉ ያሰላል። ሁለተኛው ሌንሱን ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሰ በብሩህና በጥቁር መካከል ያለው ልዩነት ጎልቶ የሚታይበትን ቦታ ይፈልጋል። ሁለቱም የሚይዙት ጠርዝ ይፈልጋሉ፤ ብሩሁ የሚያልቅበትና ጥቁሩ የሚጀምርበት መስመር ከሌለ የሚለኩት ነገር የለም። የምኒልክ ሐውልት በጨለማ ሰማይ ላይ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። የፈረሱ ደረት ጥቁር ነሐስ ነው፤ ከጀርባው ያለው ሰማይም ጥቁር ነው። ካሜራው ሌንሱን ከጫፍ ጫፍ እያመላለሰ ሲያጉረመርም ይቆይና ያቆማል፤ ወይም ይባስ ብሎ ከሐውልቱ ማዶ ያለ አምፖል ይዞ «ተሳክቷል» የሚለውን አረንጓዴ ምልክት ያበራል።

የካሜራ አምራቾች ኦቶ ፎከሳቸው እስከ ምን ያህል ጨለማ ድረስ እንደሚሠራ በኢቪ ይገልጹታል። ዜሮ ኢቪ ማለት አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል) ኤፍ 1 ሆኖ ሸተሩ (የካሜራው መዝጊያ) 1 ሰከንድ ሲከፈት በትክክል የሚነሳ የብርሃን መጠን ነው። ሙሉ ጨረቃ ብቻዋን የምታበራው ሜዳ ከዜሮ በታች 2 ወይም 3 ኢቪ አካባቢ ይሆናል፤ የመንገድ መብራት ያለበት ጎዳና ግን ከዜሮ በላይ 5 እና 6፣ ሱቁ ከበዛም ከዚያ በላይ ይደርሳል። አዳዲስ ካሜራዎች ከዜሮ በታች 4፣ አንዳንዶቹም 6 ድረስ እንደሚሠሩ ማስታወቂያቸው ይናገራል። በወረቀት ሲታይ ፒያሳ ላይ የሚቸገር ካሜራ ሊኖር አይገባም ነበር። ይሁንና ያ ቁጥር የተገኘው ብርሃን በብዛት በሚያስገባ ውድ ሌንስ፣ ጥርት ያለ ጠርዝ ባለው ዒላማ ላይ ተሞክሮ ነው። ብዙ ሰው ከካሜራው ጋር የሚገዛው ኤፍ 5.6 ሌንስ የሚያስገባው ብርሃን የኤፍ 1.4ቱን አንድ አሥራ ስድስተኛ ብቻ ነው። ስለዚህ የማስታወቂያው ቁጥር የገዢውን ምሽት አይመለከትም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ካሜራው ራሱ ርቀት መፈለግ የጀመረው በቅርብ ጊዜ ነው። በብዛት ተመርቶ ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ኦቶ ፎከስ ካሜራ የኮኒካ ሥራ ሲሆን ጊዜው እ.ኤ.አ. 1977 ነው። ሚኖልታ ደግሞ ኦቶ ፎከሱ በውስጡ የተገጠመለትን፣ ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ በ1985 አወጣ። ከዚያ በፊት በዓለም ላይ የተነሣ የማታ ፎቶ ከሞላ ጎደል ሁሉም በእጅ ፎከስ የተደረገ ነው። በአዲስ አበባም እንዲሁ ነበር። በዐፄ ምኒልክ ዘመን መጥቶ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የሆነው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ሙያውን ከእርሱ የወረሱት ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም ያደጉበት ሥራ በእጅና በዓይን የሚሠራ ነበር። በዚያ ዘመን በነበረው ባለ ሦስት እግር ትልቅ ካሜራ ፎቶ አንሺው ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ ከኋላ ባለው ፈዛዛ መስታወት ላይ ምስሉን ይመለከታል፤ ምስሉም የተገለበጠ ነው፤ ራስ ወደ ታች፣ እግር ወደ ላይ። ፊት ለፊት ያለው ሰው ጨለማ ውስጥ ከሆነ መስታወቱ ላይ ምንም አይታይም። መፍትሔው ሰውየው በሚቆምበት ወይም በሚቀመጥበት ቦታ መብራት ወይም ሻማ ማስያዝ ነው። የነበልባሉ ጫፍ መስታወቱ ላይ እንደ መርፌ ሹል እስኪሆን ሌንሱ ይገፋል ወይም ይሳባል፤ ከዚያ ይታሰራል፤ ሻማው ይነሣል፤ ፎቶው የሚመዘገብበት ሳህን ይገባል። ይህ ዘዴ ዛሬም ከማንኛውም ዘዴ የማያንስ ነው። የተለወጠው ሻማው የስልክ መብራት መሆኑ ብቻ ነው።

ሌላው የዚያ ዘመን መንገድ ምንም ሳያዩ ማንሳት ነው። ዊጂ በሚል ቅጽል ስሙ የሚታወቀውና በ1930ዎቹና በ40ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኒው ዮርክ የሌሊት ወንጀልና ቃጠሎ እያሳደደ ያነሣ የነበረው ፎቶ አንሺ ለዚህ ይጠቀሳል። ትልቁን ካሜራውን አሥር ጫማ፣ ማለትም 3 ሜትር ገደማ ላይ አስሮ፣ አፐርቸሩን ኤፍ 16 አድርጎ፣ ፍላሽ ይዞ ይዞራል። አደጋው ቦታ ሲደርስ ፎከስ አይፈልግም። በእርምጃ ወደ አሥር ጫማ ይጠጋና ያነሣል። የሚጠቀመው ሌንስ የታሰረበትን ርቀት እግሩ ያውቃል ማለት ነው። ይህ ልማድ የፒያሳን ምሽት ለሚያነሣ ሰው እጅግ ይጠቅማል፤ ፍላሹ ቢቀርም እንኳ።

ርቀት ሲባል ግን አንዲት ቀጭን መስመር ብቻ አይደለችም። ከተተከለው ርቀት ወዲህና ወዲያ ዓይን ጥርት ያለ ነው ብሎ የሚቀበለው ስፋት አለ። ይህ ስፋት በሦስት ነገር ይወሰናል፦ በሌንሱ ርዝመት (በሚሊ ሜትር በሚጠራው)፣ በአፐርቸሩና በራሱ በርቀቱ። ማታ ላይ ብርሃን ፍለጋ አፐርቸሩ ወለል ብሎ ስለሚከፈት ስፋቱ ይጠባል፤ የጨለማ ፎከስ አስቸጋሪነትም በእጥፍ ይጨምራል። የሚከተሉት ቁጥሮች የባለ ሙሉ ፍሬም ካሜራ ናቸው። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፍ 1.8 ተከፍቶ 3 ሜትር ላይ ፎከስ ቢደረግ ጥርት የሚለው ከ2.82 እስከ 3.21 ሜትር ያለው፣ ማለትም 40 ሳንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላ ነው። በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ በዚያው ኤፍ 1.8 ከሆነ ወደ 13 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ አንድ ጭንቅላት እንኳ በሙሉ አይሸፍንም። በተቃራኒው 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፍ 8 ሆኖ 5 ሜትር አካባቢ ላይ ቢተከል ከ2 ሜትር ተኩል ትንሽ አልፎ ጀምሮ እስከ አድማስ ድረስ ሁሉም ይጠራል። ትራይፖድ ያለውና የማይንቀሳቀስ ነገር የሚያነሣ ሰው ይህንን ቁጥር በቃሉ ቢይዝ ግማሹ ችግር ይቃለልለታል። ሸተሩ ለ10 ወይም ለ20 ሰከንድ ቢከፈት ሕንፃ አይሸሽም።

አራዳና ፒያሳ ለዚህ ትምህርት የተመቹ ናቸው፤ በጥቂት መቶ እርምጃ ውስጥ ሁሉም ዓይነት ርቀት ይገኝባቸዋል። ከሩቁ መጀመር ይሻላል። በ1957 ዓ.ም. ከተመረቀው የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ በር ላይ የቆመ ሰው የቸርችልን ጎዳና ቁልቁል እስከ ለገሃር ያየዋል። ርቀቱ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለማንኛውም ተራ ሌንስ ይህ «መጨረሻ የለሽ» ርቀት ነው፤ ሌንሱ ላይ በተጋደመ የ8 ቁጥር የሚወከለው። 200 ሚሊ ሜትር ሌንስ እንኳ በኤፍ 2.8 ተከፍቶ 480 ሜትር አካባቢ ላይ ከተተከለ ከ240 ሜትር ጀምሮ እስከ አድማስ ያለውን ሁሉ አጥርቶ ይይዛል። ታዲያ ቀለበቱን እስከ ጥግ አዙሮ መተው ነዋ የሚል ይኖራል። ብዙ ጀማሪ የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። በፊልም ዘመን የተሠሩ በእጅ የሚዞሩ ሌንሶች የተጋደመው 8 ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። የኦቶ ፎከስ ሌንሶች ግን አብዛኞቹ ከዚያ አልፈው ይዞራሉ፤ ሙቀትና ቅዝቃዜ መስታወቱንና ብረቱን ስለሚለጥጥና ስለሚያኮማትር፣ ሞተሩም ቦታውን አልፎ መመለስ ስለሚኖርበት አምራቹ ሆን ብሎ ትርፍ ቦታ ይተውላቸዋል። እስከ ጥግ የዞረ ሌንስ ከአድማስ ማዶ ፎከስ አድርጓል፤ እዚያ ደግሞ ምንም ነገር የለም። የፊልም ዘመን ሌንስ በማገናኛ ቀለበት አዲስ ካሜራ ላይ ሲገጠምም ጥጉ አይታመንም፤ ማገናኛዎቹ ብዙ ጊዜ ትንሽ አጥረው ይሠራሉና።

ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ይቆማል። ሌንሱ ጎን ላይ ያለው መቀያየሪያ ከኤኤፍ (ኦቶ ፎከስ) ወደ ኤምኤፍ (የእጅ ፎከስ) ይዞራል፤ መቀያየሪያ የሌለው ከሆነ በሜኑ ይዘጋል። ይህ ካልተደረገ ለማንሳት ቁልፉ ግማሽ ሲጫን ካሜራው እንደገና ፎከስ ፍለጋ ይሄድና የተደከመበትን ያበላሻል። አፐርቸሩ እስከ መጨረሻው ይከፈታል። ስክሪኑ ላይ ቸርችል ታች ያለ አንድ የመንገድ አምፖል ይመረጥና ምስሉ አሥር እጥፍ ይጎላል። አሁን የሚታየው ክብ፣ የፈካ የብርሃን ድፍን ነው። ቀለበቱ ቀስ ብሎ ሲዞር ድፍኑ እየጠበበ ይሄዳል፤ ትንሽ ነጥብ ሆኖ ይቆይና ደግሞ መስፋት ይጀምራል። በጣም ትንሹ ነጥብ የታየበት ቦታ ካለፈ በኋላ ብቻ ነው የሚታወቀው፤ ስለዚህ ማለፍ ግድ ነው፤ አልፎ መመለስ፣ ደግሞ አልፎ መመለስ። ኤፍ 1.4 እና 1.8 ሌንሶች ላይ ሌላ ምልክትም አለ፦ ሌንሱ ከአምፖሉ ቀረብ ባለ ርቀት ላይ ከተተከለ የነጥቡ ዙሪያ ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ ካለፈ ደግሞ ወደ ሐምራዊ። ከአረንጓዴ ወደ ሐምራዊ የሚሻገርበት ቅጽበት ትክክለኛው ነው። በዚህ ምክንያት ለፎከስ የሚያገለግለው ነጭ ወይም ቢጫ ብርሃን ቢሆን ይመረጣል። ደማቅ ቀይ ወይም ሰማያዊ ብቻ የሆነ የማስታወቂያ መብራት ግን ያሳስታል፤ የየቀለሙ ብርሃን የሚገናኝበት ቦታ በጥቂቱ ይለያያልና።

ነጥቡ ሲገኝ ቀለበቱ በወረቀት ፕላስተር ይታሰራል። ከዚያ በኋላ ዙሙን መንካት አይፈቀድም፤ አብዛኞቹ የዙም ሌንሶች ርዝመታቸው ሲለወጥ ፎከሳቸውም ይለወጣል። መስታወት የሌላቸው የዘመኑ ካሜራዎች ደግሞ የራሳቸው ጠባይ አላቸው። በብዙዎቹ ሌንሶች ላይ ቀለበቱ ከሌንሱ መስታወት ጋር አልተያያዘም፤ ለሞተሩ ትእዛዝ ያስተላልፋል እንጂ። እንዲህ ያለው ሌንስ ላይ ፕላስተር የሚይዘው ነገር የለም፤ አንዳንዱ ካሜራ ሲጠፋም ሌንሱ ቦታውን ይለቃል። ስለዚህ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ ማጥፋት ፎከሱን መጣል ሊሆን ይችላል። የሌሊት ፎቶ ለሚያዘወትር ሰው የድሮው የብረት ሌንስ ከነክብደቱ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

መካከለኛው ርቀት የአደባባዩ ነው። በ1923 ዓ.ም. የተመረቀው የምኒልክ ሐውልት፣ ከጎኑ ባለ ስምንት ማዕዘኑ የአራዳ ጊዮርጊስ ካቴድራል፣ ከየካቲት 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ በኩል የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም መብራቶች አሉ። እዚህ ላይ የሚሠራው ብርሃን መዋስ ነው። ሐውልቱ ራሱ ፎከስ የሚያስይዝ ጠርዝ ካልሰጠ፣ ከካሜራው እኩል የሚርቅ ብሩህ ነገር ይፈለጋል፤ የአጥር አምፖል፣ የሱቅ መስኮት፣ የቆመ መኪና የግንባር መብራት። እዚያ ላይ ፎከስ ይደረግና ካሜራው ሳይነቃነቅ ባለበት ዞሮ ወደ ሐውልቱ ይመለሳል። ርቀቱ እኩል እስከሆነ ድረስ ሌንሱ ልዩነቱን አያውቅም። የፒያሳ ወርቅ ቤቶች መስኮት ለዚህ ሥራ የሚያህለው የለም፤ ነጭ ብርሃን ነው፣ የመደርደሪያው ጠርዝ ቀጥ ያለ ነው፣ የወርቁ ነጸብራቅም ሹል ነጥብ ይሰጣል። ሐውልቱን ከቅርብ፣ ከ20 ሜትር ገደማ በ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ለሚያነሣው ደግሞ መዋስም አያስፈልግ፤ ኤፍ 4 ላይ ሆኖ 10 ሜትር ላይ ቢተክል ከ5 ሜትር እስከ አድማስ ያለው ይገባለታል።

ከመሸ መምጣትም ግዴታ አይደለም። በአዲስ አበባ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓትና ከ12 ሰዓት ከ50 መካከል ትጠልቃለች፤ ከዚያ በኋላ ዓይን ነገርን በደንብ የሚለይበት ጊዜ ከ20 ደቂቃ እምብዛም አይበልጥም። አገሩ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ጨለማው ቶሎ ይመጣል። ብልህ ፎቶ አንሺ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይደርሳል፤ ቦታውን ይመርጣል፤ ኦቶ ፎከሱ በደህና ብርሃን ርቀቱን እንዲያገኝለት ያደርጋል፤ ወዲያው ወደ ኤምኤፍ ቀይሮ ቀለበቱን ያስራል። ጨለማው ሲመጣ የፎከስ ሥራ አልቆ ይጠብቀዋል። የቀረው ማኪያቶ ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ጣጣ አለ። ከኅዳር እስከ ጥር የአዲስ አበባ ሌሊት ይበርዳል፤ ብርድ ላይ የቆየ ሌንስ የቡና እንፋሎት ወደሞላበት ቤት ከገባ ፊቱ በላብ ይሸፈናል። ሲጠርግ ቀለበቱ ይነካል፤ ሙቀቱ ሲለዋወጥም ፎከሱ ትንሽ ይሸሻል። ካሜራው በቦርሳ ተዘግቶ ቢገባ፣ ሲወጣም ነጥቡ እንደገና ቢታይ ይሻላል።

ከሁሉ የሚከብደው የቅርቡ ርቀት ነው፤ ሰውን በጧፍ ብርሃን ማንሳት። የፋሲካ ዋዜማ ሌሊት በአራዳ ጊዮርጊስ ነጭ ነጠላ የለበሰው ምእመን ጧፍ ይዞ ይቆማል። ፍላሽ እዚህ ቦታ የለውም፤ ጸሎት ይበጠብጣል፣ ጧፉ የሚሰጠውን ብርሃንም ይገድላል። ፎከስ ለመርዳት ከካሜራው ግንባር የሚበራው ቀይ ወይም ብርቱካናማ መብራትም መዘጋት አለበት፤ በጨለማ ውስጥ በምእመን ፊት ላይ የሚያርፍ ነውረኛ መብራት ነው። ኦቶ ፎከስ በዚህ ጊዜ የሚይዘው ከሁሉ ብሩህ የሆነውን፣ ነበልባሉን ነው። ጧፉ ግን ክንዱ ታጥፎ ከፊቱ ቀደም ብሎ ነው የሚያዘው፤ ከዓይን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ካሜራው ይቀርባል። ከላይ በተሰጠው ስሌት 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፍ 1.8 ከ3 ሜትር ላይ ከኋላ የሚሰጠው 21 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ነበልባሉ ጥርት ይላል፤ ዓይኖቹ ብዥ ይላሉ። በየዓመቱ ከፋሲካ ሌሊት በኋላ የሚታዩ ብዙ ፎቶዎች እንዲህ ናቸው።

ለዚህ የሚሆነው ጠርዝ የነጠላው ጥለት ነው። ትከሻ ላይ ወይም በራስ ዙሪያ የተጣለ ነጠላ ጥለቱ ከፊት ጋር በአንድ ርቀት ላይ ይገኛል፤ ነጭ ላይ ያረፈ ባለ ቀለም መስመር ስለሆነም በጧፍ ብርሃን እንኳ ይለያል። ምስሉን አጉልቶ የጥለቱ ክሮች እስኪለዩ ማዞር ነው። ብዙ ካሜራዎች የጠራውን ጠርዝ በቀይ ወይም በቢጫ መስመር የሚያቀልም መሣሪያ አላቸው፤ ይህም ጥለት ላይ በደንብ ይሠራል፤ ምስሉ ካልጎላ ግን ስለሚያጋንን ብቻውን አይታመንም። ሰውየው ሲዘም፣ ሲሰግድ፣ ሲነሣ ርቀቱ ይለዋወጣል። በዚህ ጊዜ ቀለበቱን ማሳደድ አያዋጣም፤ ቀለበቱን ትቶ ገላን ወደፊትና ወደኋላ በትንሹ እያዘነበሉ ጥለቱ የጠራበትን ቅጽበት ማንሳት ይቀላል። ሦስት አራት ደጋግሞ ማንሳትም ነውር የለውም፤ አንዱ ይገባል። በእርግጥ ይህ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ አስተዳደር ፈቃድ ከተገኘ በኋላ ነው።

መብራት ሲሄድ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይጀመራል። ሠፈሩ በሙሉ ጠፍቶ ጨረቃም በሌለችበት የሚታይም የሚጎላም ነገር የለም። የቀረው መለካት ነው። ሌንሱ ላይ የሜትር ቁጥር ካለ አንድ እርምጃ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ረግጦ ይቆጥራል፤ ክር ያለው በክር ይለካል። ሰው ካለ ስልኩን አብርቶ አገጩ አጠገብ እንዲይዝ ይጠየቃል፤ ፎከስ ይደረጋል፣ ስልኩ ይጠፋል፣ ፎቶው ይነሣል። ሰው ከሌለ በሚነሣው ነገር ሥር የበራ የእጅ ባትሪ ይቀመጣል። የባለ ሻማው ዘዴ ማለት ነው።

ዓይንም የራሱ ችግር አለው። ከመብራት ወደ ጨለማ የገባ ዓይን በሙሉ ኃይሉ ለማየት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ በመካከል አንድ ጊዜ ስልክ ከታየ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። በዚያ ላይ ጤናማ ዓይን እንኳ በጨለማ በትንሹ የሩቁን ማየት ይከለከላል፤ በቀን መነጽር የማያስፈልገው ሰው ማታ ቪውፋይንደሩ (የካሜራው ማያ ቀዳዳ) ውስጥ ሁሉም ብዥ ቢልበት እንግዳ ነገር አይደለም። ከቪውፋይንደሩ ጎን ያለችው ትንሽ መዘውር የተሠራችው ለዚህ ነው። በውስጡ የሚታዩት ቁጥሮች ጥርት እስኪሉ ትዞራለች። ይህ ሳይደረግ የተደረገ ፎከስ ለሌንሱ ሳይሆን ለዓይኑ የተደረገ ነው። የስክሪኑ ብርሃንም ይቀነስ፤ ደማቅ ስክሪን የሳተውን ፎቶ ያማረ ያስመስለዋል።

የስልክ ካሜራ ነገር በአጭሩ ያልቃል። ሴንሰሩ ትንሽ፣ ሌንሱም አጭር ስለሆነ 3 ሜትር ተኩል አካባቢ ላይ ከተተከለ ከ2 ሜትር በታች ጀምሮ እስከ አድማስ ያለው ይጠራለታል። ፕሮ የሚባለው ክፍል ውስጥ ገብቶ የፎከሱን መስመር ከአበባው ምልክት ወደ ተራራው ምልክት ማንሸራተት፣ ጥጉ ሳይደርስ ጥቂት ቀደም ብሎ ማቆም ይበቃል። ስልኩ ማታ የሚቸገረው በፎከስ ከሚሆን ይልቅ በብርሃን ማነስና በእጅ መንቀጥቀጥ ነው።

ከፒያሳ ሽቅብ እንጦጦ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት ያላቸው ሁለት የኮከብ መመልከቻ ቴሌስኮፖች አሉ። የኮከብ ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች የሚጠቀሙበት ፎከስ ከቸርችል አምፖል የተለየ አይደለም፤ ኮከብ የመጨረሻው ሩቅ አምፖል ነው። ሩሲያዊው ፓቬል ባህቲኖቭ እ.ኤ.አ. በ2005 የፈለሰፈው የተሰነጣጠቀ ክዳን ሌንስ ፊት ሲደረግ ኮከቡ ሦስት የብርሃን ጨረር ያወጣል፤ መካከለኛው ጨረር በሁለቱ ልክ መሃል ሲያልፍ ፎከሱ ትክክል ነው። ክዳኑ ከካርቶን በምላጭ ሊቆረጥ ይችላል፤ ፒያሳ ላይ ለሩቅ የመንገድ መብራትም ያገለግላል።

ፎቶው ከተነሣ በኋላ ቦታው ሳይለቀቅ መመርመር አለበት። ስክሪኑ ላይ ሳይጎላ የሚታይ ፎቶ ሁሉ ጥሩ ነው፤ አሥር እጥፍ ሲጎላ ነው እውነቱ የሚወጣው። ብዥታው የፎከስ ከሆነ አምፖሎቹ ክብ ድፍን ይሆናሉ፤ ብዙ ጊዜም ከተፈለገው ነገር ወዲህ ወይም ወዲያ ያለ ሌላ ነገር ጠርቶ ይገኛል። የመንቀጥቀጥ ከሆነ ግን አምፖሎቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ይሰረዛሉ፤ የጠራ ነገርም የለም። መድኃኒታቸው ይለያያል። ለመጀመሪያው ቀለበቱን በፀጉር ስፋት አዙሮ መድገም፣ ለሁለተኛው ትራይፖዱን ማጥበቅ፣ የ2 ሰከንድ ማዘግያውን መጠቀም፣ በሌንሱ ላይ ያለውን የንዝረት መቆጣጠሪያ መዝጋት። የጨለመ ፎቶ በኮምፒውተር ይደምቃል፤ የተዛባ ቀለም ይስተካከላል። ፎከሱ የሳተ ፎቶ ግን ጠርዙን በማሳል ጥቂት ይሻሻል እንደሆነ እንጂ ያልተመዘገበው ዝርዝር አይመለስም።

ፒያሳ ላይ ይህ ጉዳይ የሚመለከተው የዛሬን ምሽት ብቻ አይደለም። የዶሮ ማነቂያ ሠፈርና አካባቢው በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። ከዚያ በፊት እነዚያ ጠባብ መንገዶች ማታ ላይ ተነሥተው ፎከሳቸው የሳተባቸው ፎቶዎች እንደገና የሚነሱበት ዕድል የለም። ገና ቆመው ያሉትን የፒያሳ አሮጌ ቤቶች በምሽት መመዝገብ የሚፈልግ ሰው ትራይፖዱን፣ የእጅ ባትሪውንና ፕላስተሩን ይዞ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቢገኝ መልካም ነው።